የአቶ ፊሊጶስ ስውር ቤተሰብ

እግዚአብሔር በቸርነቱ ከሚታገሣቸው የሰው ዓይነቶች ሁሉ ዋነኛው፣ በዕረፍት ቀኑ የሌለ ቤት ሲያስተዳድር የሚውል ሰው ነው። ሰካራም እንኳ ሲበርድለት ይሰክናል፤ ቁማርተኛም ኪሱ ሲራቆት ይነሣል። ይህ ሰው ግን አይሰክንም፤ አይነሣምም። ቤቱን በአሸዋ ላይ የሠራው ሰው ሰነፍ ከተባለ፣ እርሱስ ቢያንስ አሸዋ ነበረው።

ይህን ሰው የማያውቅ የለም። በየቤተ ዘመዱ አንድ አይጠፋም። ጀርባውን ለበሩ፣ ፊቱን ለኮምፒውተሩ ሰጥቶ፣ አንገቱን እንደ ዔሊ አስግጎ፣ ሆድ ለሌላቸው ሰዎች ምሳ ያቀርባል። የገዛ ሆዱ ሲጮህ አይሰማም። እንግዳ ሲመጣ አይነሣም። ዓለም ብትገለበጥ የሚሰጣት መልስ አንድ ነው፦ «አንዴ ብቻ!»

በናይሮቢ በምንኖር ምእመናን መካከል የዚህ ወገን አለቃ፣ የማይጨበጠው ርስት ባላባት፣ ክቡር አቶ ፊሊጶስ ነው።

ሥራው ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ካሉት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በአንዱ ነው። የእርዳታ እህል የጫኑ መኪናዎችን ከሞምባሳ ወደብ እያስነሣ እስከ ድንበር ያደርሳል፤ ኬሻ አይጎድልበትም፤ ቀጠሮ አያልፍበትም። ዕድሜው ሠላሳ አራት፣ ጠባዩ ለስላሳ፣ ሰንበት የማያስታጉል፣ ገና ያላገባ ነው። መምህር ባንታየሁን ይበልጥ የሚያንገበግባቸውም ይኸው ነው። «ሞኝ ቢሆን ኖሮ በተረፍኩ!» ይላሉ። «ሞኝ አይደለም እኮ!»

መምህር ባንታየሁ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ድጓና ቅኔ ጠንቅቀው የተማሩ፣ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር ጧፍ፣ መቁጠሪያና ነጠላ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ያለቻቸው አዛውንት ናቸው። አቶ ፊሊጶስ አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት፣ እናቱም ባሕር ተሻግራ ስለቀረች፣ የሚመክሩትም የሚቆጡትም እሳቸው ናቸው። ምክሩ ብዙም አልያዘለትም፤ ቁጣው ግን አልጎደለበትም።

የኮምፒውተር ጨዋታውን መጀመሪያ ያዩ ዕለት መምህር ዓይናቸውን አላመኑም። በኮምፒውተሩ መስተዋት ውስጥ አንድ ቤት አለ፤ በቤቱም ትንሽ ሰው ይመላለሳል። ብላ ካላሉት አይበላም፤ ታጠብ ካላሉት አይታጠብም፤ ካላስተኙት በቆመበት ያንቀላፋል። የሚናገረው ቋንቋ ከባቢሎን መፍረስ ወዲህ ያልተሰማ ነው። አቶ ፊሊጶስም ይህን ፍጡር ከማለዳ እስከ ምሽት በአንዲት ጣቱ ሲያበላ፣ ሲያጥብና ሲያስተኛ ይውላል።

«ሹም የሆነ መስሎታል» አሉ መምህር ለራሳቸው። «የሚያበስለው እርሱ፣ ሽንት ቤት የሚወስደው እርሱ! ሎሌነት እንጂ ሹመቱ የቱ ላይ ነው?»

የክቡር አቶ ፊሊጶስ ታሪክ ቢጻፍ ብራና አይበቃውም። ባለፈው የትንሣኤ ማግስት መምህር ቤት ለስድስት ሰዓት ምሳ ተጠርቶ በዐሥር ሰዓት ደረሰ።

«ይቅርታ ጋሼ፤ ቤት እሳት ተነሥቶ ነው የቆየሁት።»

«በስመ ሥላሴ! ሰው ተጎዳ?»

«የለም፣ ምድጃው ብቻ ነው የተቃጠለው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው አጠፉልኝ።»

መምህር እንግዳውን ሁሉ ከመቀመጫው አስነሥተው፣ ከእሳት ላወጣው አምላክ የምስጋና ጸሎት አደረሱ። አንዲት ሴትዮ እልል አለች። በኋላ «ነገ መጥቼ ምድጃህን አየዋለሁ» ሲሉት አቶ ፊሊጶስ አንገቱን ደፋ። የተቃጠለው ምድጃ በኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። መምህር ሳምንቱን ሙሉ «ለሥዕል ምድጃ አቡነ ዘበሰማያት አስደገመኝ!» እያሉ ሰነበቱ።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ትንሽ ሰው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲጠግን አቶ ፊሊጶስ ተመስጦ ያያል። በዚያው ሰዓት የገዛ መታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ክፍት ነበርና ውኃው ሳሎኑን አልፎ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ የታችኛውን ጎረቤት አልጋ አረሰረሰ። ጎረቤቱ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ በሩን ሲደበድብ ከውስጥ የተሰማው ድምፅ «አንዴ ብቻ! ልጨርስ ነው!» የሚል ነበር።

ይህ ሁሉ እዳው ገብስ ነው። መምህርን እንቅልፍ የነሣቸው ግን ዋስ የሆኑለት ነገር ነው።

ኢስትሊ ውስጥ ስሙ የታወቀ ምግብ ቤት ያላቸው ወይዘሮ አያልነሽ፣ ብሩክታዊት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ በአየር መንገድ ትኬት ቢሮ የምትሠራ፣ በመዘምራኑም መካከል ድምፅዋ የሚለይ ናት። መምህር ለአቶ ፊሊጶስ ሽማግሌ ሆነው በወይዘሮ አያልነሽ ደጅ ሦስት ጊዜ ቆሙ። ሁለቴ «እናስብበት» ተብለው ተመለሱ። በሦስተኛው ሴትዮዋ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ጠየቋቸው፦

«ልጁ ሌላ ትዳር የለውም? የወለደው የለም? ልጄን በተክሊል ነው የምድራት፤ በኋላ ጉድ እንዳልሰማ።»

«ሌላ ትዳር ቢገኝበት» አሉ መምህር ጢማቸውን ይዘው፣ «ዳግመኛ በዚህ ደጅ አልቁም፤ ለማንም ልጅ ሽማግሌ አልሁን።» በዚህ ቃል ልጅቱ ተፈቀደች። ሠርጉም የሐዋርያት ጾም ሳይገባ፣ ዕርገት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ።

ለሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አቶ ፊሊጶስ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ዛፍ ሥር ሆኖ ጨዋታውን ካስለመደው ኤልናታን ከተባለ ጓደኛው ጋር በሞባይል ሲያወራ፣ የሴቶች ማኅበር አባል የሆኑት ወይዘሮ እህተማርያም ከዛፉ ማዶ ተቀምጠው መክፈልት ይቆርሱ ነበር። የሰሙትም ይህን ነው፦

«ሚስቴ እኮ ሁለተኛ ወለደች! … ደህና ናት፣ ሥራዋን ግን አጣች። … ሕፃኑማ አልተኛ ብሎ አሰቃየኝ። … ኧረ ተው! ብሩክታዊት አታውቅም!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ኢስትሊ ማታቱ የተባለው ሚኒባስ በአንድ ሰዓት የሚሄደውን መንገድ ወሬው በሩብ ሰዓት ጨረሰው፤ በመንገድም ላይ ሦስተኛ ልጅ ተወለደ።

«መምህር» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ፣ ሱቁ በር ላይ ቆመው፤ ለመግባት እንኳ አልፈቀዱም። «ላቪንግተን እቤቱ ውስጥ ሚስትና ልጆች አስቀምጧል አሉ።»

መምህር ወዲያው ኮምፒውተሩን አሰቡ። ግን እሳቸው የሚያውቁት ምድጃ ያለውን ጨዋታ ነው፤ የሚያገባና የሚወልድ ጨዋታ ሰምተው አያውቁም። «ምናልባት ያ ሣጥኑ ይሆን…» አሉ፣ ለራሳቸውም ሳይጥማቸው።

«ሣጥን አይወልድም፣ መምህር። ሐሙስ ከዕርገት ቅዳሴ በኋላ አብረን ሄደን ዓይኔ ይየው። ከተገኘች እሑድ የሚባል የለም። እርስዎም ያሉትን ያውቃሉ።»

በዚያ ዓመት፣ በ1998፣ ዕርገት ከኬንያ የማዳራካ በዓል ጋር በአንድ ቀን ስለዋለ ቢሮ ሁሉ ዝግ ነበር። መምህር ቅዳሴውን ቆመው ቢጨርሱም ጸሎቱ ልባቸው አልገባም። ሰባ ዓመት ያልተሰበረ ቃላቸው በአንድ ጎልማሳ ጣት ላይ ተንጠልጥሏል። በታክሲው ውስጥ ወይዘሮ አያልነሽ ከፊት፣ እሳቸውና ብሩክታዊት ከኋላ ተቀምጠው ወደ ላቪንግተን ሄዱ።

የግቢው ዘበኛ መምህርን ያውቃቸዋል። «ዩኮ፣ ምዜ» አለ፤ እቤት አለ፣ አባባ ማለቱ ነው። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከጠዋት ጀምሮ በመስኮቱ የልጅ ልቅሶ እንደሚሰማ ነገራቸው። መምህር ይህን ለሴትዮዋ አልተረጎሙላቸውም። ሠላሳ ዓመት ኢስትሊ የነገዱ ሴት ግን የስዋሂሊ አስተርጓሚ አይሹም።

ሦስተኛ ፎቅ ደርሰው መምህር አንኳኩ።

«አንዴ ብቻ!» አለ ድምፁ ከውስጥ። «ሕፃኑን ላስተኛው!»

ወይዘሮ አያልነሽ ደረጃው ላይ ዘጭ አሉ። «ሰሙ? ሰሙ መምህር? በገዛ አፉ!»

«እማዬ፣ ፕሊስ፣ ዌይት» አለች ብሩክታዊት፤ ከንፈሯ ግን ነጥቷል።

በሩ ተከፈተ። ክቡር አቶ ፊሊጶስ በፒጃማ፣ ጠጕሩ እንደ ጎመን ዘር ተበትኖ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሴትዮዋ በብብቱ ሥር አልፈው ገቡ። ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ ገለጡ። ወጥ ቤቱን አዩ፤ አንድ እንቁላልና አንድ ድስት ነበር። መምህርም ዋስ ናቸውና ዝም ብለው አልቆሙም፤ የፍራሹን ጠርዝ አንሥተው አዩ። ፍራሹ መሬት ላይ የተነጠፈ ስለነበር፣ ከሥሩ የተደበቀ ሰው ቢኖር እጅግ ቀጭን መሆን ነበረበት። ሙሽራ በሦስተኛው ቀን የምትገባበት ቤት ይህ ነው! የተገዛው ዕቃ ሁሉ ከነካርቶኑ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«የት ደበቅሃት?» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ።

«ማንን፣ እትዬ?»

«ሚስትህን! ልጆችህን!»

አቶ ፊሊጶስ ሳያስበው ወደ ኮምፒውተሩ ዘወር አለ። ያ መዞሩ ኑዛዜ ሆነ። ሦስቱም ወደዚያው ተመለከቱ። በመስተዋቱ ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ በአልጋውም የሚያለቅስ ሕፃን አሉ። ከሴቲቱ ሥር ስሟ በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል፦ ብሩክታዊት።

ለአንዲት ቅጽበት መምህር ተንፈስ አሉ። ቃላቸው ተርፏል። ነገር ግን ትንፋሻቸውን ሳይጨርሱ ሌላ ቁጣ መጣባቸው፤ ከፊተኛው የባሰ።

«ቆይ፣ ይህቺን ልጅ ማን ሽማግሌ ሄዶ ነው ያገባሃት?»

«በጨዋታው ሽማግሌ የለም፣ ጋሼ። ቀለበት ትሰጣታለህ፤ እሺ ካለች በቃ።»

«በቃ? እኔ በእኚህ ሴትዮ ደጅ ሦስት ጊዜ ቆሜ፣ ሁለቴ እንደ ለማኝ ተመልሼ፣ አንተ እዚህ ‹በቃ›? ካህንስ?»

«ካህንም የለም።»

«ልጆቹስ ክርስትና ተነሡ?»

አቶ ፊሊጶስ በአንዲት ጣቱ ሕፃኑን ለማባበል ሞከረ።

«ይህ ጠለፋ ነው!» አሉ መምህር፤ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱት። «አምላክ ያያል፣ ጠለፋ ነው!»

«ጠልፎ ሁለት አስወለዳት!» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ። ከዚያም ድምፃቸው ወረደ፤ መምህር ይበልጥ የፈሩት ይህን ነበር። «ይሁን፣ ሥዕል ነው። ሚስትም አልደበቀም። እርስዎም አልዋሹም፣ መምህር። ግን ሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቶት፣ ካርቶን ሳይፈታ፣ ከሥዕል ጋር የሚውል ሰው ነገ ልጄን ምን ሊያደርጋት ነው? ተነሺ ብሩኬ፤ እንሂድ።»

ብሩክታዊት አልተነሣችም። ቀድሞም አልተቀመጠችም። ወደ መስተዋቱ ተጠግታ ጎንበስ ብላለች።

«ለምንድን ነው የማለቅሰው?» አለች።

በእርግጥም ቢጫ ለባሿ ሴት ፊቷን በእጇ ሸፍና ትንሰቀሰቅ ነበር።

«ሥራሽን አጥተሽ ነው» አለ አቶ ፊሊጶስ በቀስታ።

«ማን አስተወኝ?»

«ማንም። ጠዋት የሥራ መኪና ሲመጣ ሕፃኑ ካለቀሰ ትቀሪያለሽ። ሁለቴ ከቀረሽ ያባርሩሻል።»

«ሲሪየስሊ? አንተስ ለምን አትቀርም?»

«እኔም ቀርቼ አይቻለሁ። ያኔ እኔ ተባረርኩ፣ መብራቱም ተቆረጠ። አራት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ አራቱንም ጊዜ ወይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ወይ ልጆቹ ይራባሉ።»

«እስኪ ለምን አራት ጊዜ?» አሉ መምህር፤ ቁጣቸው እንዳለ ነው። «ሰው አንድ ከንቱ ነገር አራት ጊዜ ይጀምራል?»

አቶ ፊሊጶስ ፒጃማውን ጎተት አደረገ። ለመቶ የጭነት መኪና ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው አይመስልም ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። ባልና ሚስት በአንድ ቤት ሲኖሩ አይቼ አላውቅም። እራት ሲበሉ አይቻለሁ፤ በእንግድነት። እንግዳው ሲሄድ ምን እንደሚባባሉ አላውቅም። ሲጣሉ ማን ቀድሞ እንደሚናገር አላውቅም። እሑድ ቀረበና ፈራሁ። እዚህ ስሳሳት መልሼ መጀመር እችላለሁ።»

ሕፃኑ አሁንም ያለቅሳል።

«ይህን የሚጮኸውንስ ማን አልከው?» አሉ መምህር፤ የሚሉት ጠፍቷቸው።

«ባንታየሁ።»

መምህር ወደ ሕፃኑ አዩ። ፊቱን አጨማድዶ፣ ሁለት እጁን አንሥቶ፣ በማንም ላይ ምሕረት ሳያደርግ ይጮኻል። ስማቸው ያለ ቦታው እንዳልዋለ በልባቸው መሰከሩ።

ከሁለት ዓመት በፊት የቀበሯቸውን ባለቤታቸውንም አሰቡ። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ ያ ሁሉ ድጓ በራሳቸው ላይ ተጭኖ፣ ለጨው ለበዛበት ወጥ ብለው ዐሥራ አንድ ቀን አኩርፈዋል። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ባለቤታቸው ራሳቸው ተናገሩ እንጂ እሳቸውማ እንዴት እንደሚጀመር አላወቁም። ቅኔ ቤት ይህን አላስተማራቸውም። ያን ዐሥራ አንድ ቀን የሚመልስ ቁልፍ በየትኛውም ሣጥን ላይ አልነበረም።

«ወይዘሮ አያልነሽ» አሉ፣ «እኔ ዋስነቴን አላነሣም።»

«አሁንም? ይህን አይተው?»

«ይህን አይቼ። በመንደራችን ሁሉ ሳያጠና ነው የሚያገባ። እኔም ሳላጠና ነው የገባሁት፤ የከፈለችው ባለቤቴ ናት። ይህ ሰው ጅል ነው፤ ጅልነቱን አልክድም፤ ቤቱም ያሳፍራል። ግን በዕረፍት ቀኑ ያለቀሰችውን ልጅዎን እንዴት እንደሚያስቅ ሲጨነቅ ነው የዋለው።»

ወይዘሮ አያልነሽ መልስ ለመስጠት ፋታ አላገኙም፤ ብሩክታዊት አንዷን ወንበር ስባ ተቀምጣለችና።

«ዘወር በል እስቲ። አንደኛ፣ ይህ ቢጫ ቀሚስ ይውለቅ።»

«እሱን አሁን አትንኪው…»

«ፊሊ፣ ቀሚሴ ነው!»

ጠቡ በዚህ ተጀመረ። ከጋብቻ በፊት ሁለቱን በዝግ ቤት መተው ነውር ነው፤ ጠባቸውን ቆሞ ማዳመጥም ሌላ ነውር ነው። መምህር የሁለቱንም መካከል አገኙ። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ሴትዮዋን ይዘው ወጡና ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጆሯቸው ግን ወደ ኋላ ነበር።

«ለምን ሁልጊዜ እኔ?» ይላል የሴቲቱ ድምፅ። «ያንተ ሥራ ከኔ በምን ይበልጣል?»

«አይበልጥም፤ ግን ሁለታችንም…»

«ግን አትበለኝ። ሁለታችንም ከሄድንስ?»

«ሞግዚት ሊቀጠር ይችላል፤ ሞክሬው አላውቅም።»

«አራት ጊዜ ጀምረህ ሞግዚት አላሰብክም? የትኛው ቢሮ ነው የቀጠረህ?»

«ልግባና ላስታርቅ» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ ሊነሡ እየቃጡ።

«ይቀመጡ» አሉ መምህር። «የመጀመሪያ ጠባቸው ነው። ይጣፍጣቸው።»

ድምፁ ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ፤ አንዴ ሳቅ ተሰማ፤ ደግሞ ከፍ አለ። በመጨረሻም እንደ ምክክር ዝግ አለ። መምህር በቅዳሴው ሰዓት ያጡት ጸሎት ያን ጊዜ በልባቸው ሲገባ ተሰማቸው። ጠለፋ ነው ባሉ ጊዜ ኮምፒውተሩን እሑድ ሳይደርስ በመስኮት ሊጥሉት በልባቸው ቆርጠው ነበር፤ አሁን መስኮቱ የት እንዳለ እንኳ ማስታወስ አልፈለጉም።

«ምን አሉ?» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ፣ በሹክሹክታ።

«ሞግዚቷ እስክትገኝ ሕፃኑን የሚይዘው እርሱ ነው። እርሷ ሥራዋ ትሄዳለች።»

ወይዘሮ አያልነሽ የደረጃውን ብረት ጨበጡ።

«ሟቹ ባሌ» አሉ፣ «አንድ ቀን እንኳ ሕፃን ይዞ አያውቅም።»

ተነሡ፤ ቀሚሳቸውንም አራገፉ።

«እሑድ በጠዋት ይምጣ በሉት።»